ቡፌው ይጠገን እንጂ አይፋቅ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ አዳማ ነው የሚኖሩት። አያታቸው ወንጂ ስኳር ፋብሪካ ይሠሩ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ሆላንዳዊ ጓዙን ሸጦ ወደ አገሩ ሲመለስ ከእሱ የገዙት ቡፌ በውርስ ደርሷቸዋል። ሁለት በርና ሦስት መሳቢያ አለው። አንደኛው በር መሐሉ ተሰንጥቋል። መሳቢያዎቹ እየተያዙ ያስቸግራሉ። ሲነኩት ይወዛወዛል፣ መልኩም ጠቁሯል። ላዩ ላይ ነጫጭ የስኒ ክቦችና አንድ ጥቁር ክብ አለ። የኋላ እግሩ ላይ ደግሞ ትንንሽ ቀዳዳዎች ታይተዋል። የሰፈር አናጺ «በማሽን ፍቄ፣ ጠቆር ያለ ቫርኒሽ ቀብቼ፣ ማጠፊያውን ቀይሬ፣ ጀርባውን በኤምዲኤፍ ዘግቼ አዲስ አደርግልሻለሁ» ብሏቸዋል። እሳቸው ግን «አያቴን የሚያስታውሰኝ ወዙ ነው። ወዙ ሳይጠፋ ማደስ ይቻላል ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ይቻላል። አናጺውን ግን ለጊዜው ያቁሙት። ሰውየው ክፉ አስቦ አይደለም። የለመደው አዲስ ዕቃ መሥራት ነው፤ ለአዲስ ዕቃ ደግሞ የነገረዎት ሥራ ልክ ነው። የእርስዎ ቡፌ ግን አሮጌ ነው፣ አሮጌ በመሆኑም ነው የወደዱት። እሱን አዲስ ማድረግ ከፍሎ ማስበላሸት ነው።

ወዝ የሚሉት ነገር የት እንዳለ ልንገርዎት። እንጨት ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቀለሙ ይለወጣል። አንዳንዱ ይጠቁራል፣ አንዳንዱ ይነጣል። ይህ ለውጥ ወደ ውስጥ ብዙ አይዘልቅም። ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ስስ ገጽ ላይ ያለ ነገር ነው። ከእሱ በላይ የድሮው ቅብ አለ። ከቅቡ በላይ ደግሞ የስንት ዓመት የእጅ ንክኪና የጨርቅ ውልወላ አለ። የመሳቢያዎቹን ጠርዝ በጣትዎ ቢዳስሱት ልስልስ ብሎ ያገኙታል፤ እሱም የዚሁ አካል ነው። መፋቂያ ማሽን ይህን ሁሉ በአንድ ከሰዓት ጠራርጎ ይወስደዋል። ኮላ ቢለቅ እንደገና ይጣበቃል፣ እግር ቢሰበር ይቀጠላል። የተፋቀ ገጽ ግን ተፋቀ ማለት ነው፤ ማንም አይመልሰውም።

ሌላም አደጋ አለ። የዚያን ዘመን ቡፌዎች ብዙ ጊዜ ላያቸው ሙሉ እንጨት አይደለም። ተራ እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ ላይ ስስ የጥሩ እንጨት ልጥፍ የተጣበቀባቸው ናቸው። ልጥፉ አንድ ሚሊሜትር ቢሞላ ነው። ማሽን ይዞ ትንሽ የተዘናጋ ሰው ይበሳዋል፣ ከሥሩ ያለው ተራ እንጨት ፈጦ ይወጣል። የእርስዎን ለማወቅ የላይኛውን ጣውላ ጠርዝ ከጎን ይዩት። ላይ ያለው የእንጨት መስመር ጫፉ ላይ ወርዶ የሚቀጥል ከሆነ ሙሉ እንጨት ነው። ጠርዙ ላይ ስስ መስመር ከታየዎት ወይም የጎኑ መስመር ከላዩ ጋር አልገጥም ካለ ልጥፍ ነው።

ስለዚህ እኔ አሮጌ ዕቃ ላይ የምይዘው አንድ ነገር ነው። ነገ ሊመለስ የሚችል ሥራ ሁሉ ይሞከራል፤ ሊመለስ የማይችለው ደግሞ የግድ ካልሆነ አይነካም።

ሥራው የሚጀምረው በማየት ነው። መሳቢያዎቹን አውጥተው ይገልብጧቸው። እውነቱን የሚናገረው ማንም ያልቀባው የታችኛውና የጀርባው እንጨት ነው። በመዳፍዎ ይዳብሱት። ወጣ ገባ፣ ሞገድ ቢጤ ከተሰማዎት በእጅ መላጊያ የተላገ ነው። ቅስት ቅስት የሆኑ ጭረቶች ካሉ በክብ መጋዝ ማሽን የተሰነጠቀ ነው። የማጠፊያዎቹን ብሎኖች ይመልከቱ። ባለ አንድ ስንጥቅ ከሆኑ የመጀመሪያዎቹ ሊሆኑ ይችላሉ። መስቀለኛ ራስ ያለው ብሎን የተስፋፋው ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ነውና፣ ከባለ አንድ ስንጥቆቹ መሐል አንድ መስቀለኛ ካገኙ ከእርስዎ በፊት የነካካው ሰው አለ ማለት ነው። የሚያዩትን ሁሉ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። የሚፈታውን ብሎን ደግሞ ከየት እንደወጣ ጽፈው በየፌስታሉ ያስቀምጡ።

ከሆላንዳዊ ስለተገዛ ብቻ ከሆላንድ የመጣ አይምሰልዎት። የወንጂ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው። ያቋቋመው የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ በኢንዶኔዥያ የሸንኮራ እርሻ ረጅም ልምድ ነበረው። ስለዚህ ቡፌው ከሆላንድ የመጣ ኦክ ሊሆን ይችላል፣ የኢንዶኔዥያ ቲክም ሊሆን ይችላል። እዚሁ አገር አናጺ የሠራው ዋንዛ ወይም ዝግባ ቢሆንም አይገርመኝም፤ እንዲያውም እኔ ወደዚህ አደላለሁ። ኦክ ከሆነ እንጨቱ ውስጥ የሚያብረቀርቁ አጫጭር ነጠብጣቦች ይታያሉ። ዋንዛ ቡናማ ነው፣ ለመጠኑም ቀለል ይላል። ዝግባ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ መስመሩ ብዙም አይለይም። ጥድ ከሆነ የመሳቢያውን ውስጥ ቆንጠር አድርገው ቢፍቁት ሽታው ራሱ ይነግርዎታል። የአገር ውስጥ ሥራ ሆኖ ቢገኝ እንዳይከፋዎት። በእጅ የተላገ የዋንዛ ቡፌ ዛሬ ማን ይሠራልዎታል?

ቀጥሎ ቅቡን መለየት ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ ብዙ ጥፋት የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ንጹሕ አልኮል፣ ቲነርና ጥጥ ያዘጋጁ። አልኮሉ ከ95 በመቶ በላይ ይሁን። የእጅ ማጽጃው 70 በመቶ አይሆንም፤ ካቲካላማ ጭራሽ አይታሰብም፣ ውሃው ብዙ ነው። ከዚያ የማይታይ ቦታ ይምረጡ፣ ለምሳሌ የበሩን የውስጥ ጎን። አንድ ጠብታ አልኮል ያሳርፉና ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይተው በጥጥ ይንኩት። ቅቡ ከተጣበቀና ጥጡ ቡናማ ከሆነ ሽላክ ነው፤ በጣሊያንኛው ጎማላካ የሚባለው። አልኮሉ ምንም ካላደረገውና ቲነር ካለሰለሰው ናይትሮ ላኬር የሚባለው፣ በቲነር የሚሟሟው ቅብ ነው። ሁለቱም ካልነኩት የዘይት ቫርኒሽ ወይም ከዚያ ወዲህ የመጣ ሰው ሠራሽ ቅብ ነው።

ሽላክ ከሆነ ደስ ይበልዎት። ሽላክ በህንድና በታይላንድ ከሚገኝ ትንሽ ነፍሳት የሚሰበሰብ ሙጫ ነው፣ በአልኮል ይሟሟል። ስንት ዓመት ቆይቶም ቢሆን አልኮል ሲነካው እንደገና ይለሰልሳል። ስለዚህ የተሰነጣጠቀውን፣ የደበዘዘውን ቅብ ሳያወጡ እዚያው ማደስ ይቻላል። ላኬርም በቲነር በተወሰነ ደረጃ ይታደሳል። የዘይት ቫርኒሽ ግን አይታደስም፤ ይጸዳል፣ በሰም ይወለወላል፣ ያ ነው።

ቅቡ ሽላክም ላኬርም ሳይሆን ወፍራም ድፍን የዘይት ቀለም ከሆነ ደግሞ በጭራሽ በደረቁ አይፋቅ። የድሮ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖረው ይችላል። ብናኙ ለልጆች አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ጽዳቱ። ጠቁሯል ያሉኝ ቡፌ ግማሹ ጥቁረት ቀለም ሳይሆን ጥላሸት ሳይሆን አይቀርም። አስቡት፣ ቡና በየቀኑ የሚፈላበት፣ እጣን የሚጨስበት ሳሎን ውስጥ ስንት ዓመት የቆመ ዕቃ ነው። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ያድርጉ። ጨርቁን ነክረው እስኪደርቅ ድረስ ጨምቀው ይጥረጉ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይከተሉት። ውሃ እንጨቱ ላይ አይቆይ። በረኪና፣ ኦሞ፣ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ አይጠጉት። በሳሙናው የማይለቀውን ቅባትና የቆየ ሰም በአኳራጅ፣ ማለትም በዘይት ቀለም ማቅጠኛ፣ የራሰ ጨርቅ ያነሱታል። መስኮት ይከፈት፣ እሳት አይቅረብ። ለጥቃቅን ቦታ ደግሞ ጥጥ በስንጥር ጠምጥሞ በምራቅ ማርጠብ አለ። እየቀለድኩ አይደለም፤ በሙዚየም የሚሠሩ የጥገና ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል። ምራቅ ውስጥ ቆሻሻን የሚፈታ ነገር አለ፣ ቅቡን ደግሞ አይጎዳም። ብዙ ሰው ከዚህ ጽዳት በኋላ ቅብ ማስቀባቱን ይተወዋል፤ ዕቃው ያምርበታላ።

ነጫጮቹ የስኒ ክቦች ቅቡ ውስጥ የገባ እርጥበት ናቸው፤ እንጨቱ ጋ አልደረሱም። ሽላክ ላይ ከሆኑ፣ አልኮል የነካካው ግን እርጥብ የማይባል ጨርቅ ክቡ ላይ ፈጠን ፈጠን አድርገው ያሳልፉበት። ጨርቁ አንድ ቦታ ከቆመ ይጣበቃል፣ እጅዎ አይቁም። ጥቁሩ ክብ ሌላ ነገር ነው። እሱ ውሃና ብረት፣ እንጨቱ ውስጥ በተፈጥሮ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተገናኝተው የፈጠሩት ነው፣ ወደ እንጨቱ ዘልቋል። በኦክሳሊክ አሲድ ይነሳል። አሲዱ ግን መርዝ ነው፤ የሚሠራውም ቅቡ ከተነሳ በኋላ ነው። ለአንድ ክብ ሲባል ላዩን በሙሉ ማራቆት? እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ዳንቴል ይሸፍነዋል፤ ባይሸፍነውስ ምን ይላል።

መወዛወዙ ግን አይተውም። የሚወዛወዝ ዕቃ ራሱን እየሰበረ ነው የሚሄደው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ አንዱ እንጨት በሌላው ውስጥ የሚሰካበት ማጋጠሚያ ላይ ኮላው መድረቁና መልቀቁ ነው። በዚህ ጊዜ የእኛ አገር ፈጣን መፍትሔ ምስማር ነው። እባክዎን ምስማር አያስመቱ። እንጨቱ በየወቅቱ ሲጠብና ሲሰፋ ምስማሩ አይሰፋምና ይሰነጥቀዋል። ዝገቱም እንጨቱን ያጠቁረዋል።

የድሮ ኮላ ከቆዳና ከአጥንት የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ማጋጠሚያው ላይ የደረቀ ኮላ ካዩ አንድ ጠብታ ሙቅ ውሃ ያድርጉበትና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቁ። ጣትዎ ላይ ከተጣበቀ እሱ ነው። የዚህ ኮላ ትልቁ ጥቅም በሙቀትና በእርጥበት መፈታቱ ነው። ሙቅ ውሃ በሲሪንጅ ማጋጠሚያው ውስጥ ጠብ ያደርጉበታል፣ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት አስደግፈው በመዶሻ ቀስ እያሉ ያላቅቁታል። እምቢ ካለ ይጠብቁት፣ አይታገሉት። ያልላላውን ማጋጠሚያ ደግሞ አይፍቱት። ሁሉን ነገር ፈታትቶ እንደ አዲስ መግጠም ለአናጺው ይመቸዋል፤ ለዕቃው ግን አይመችም።

መልሶ ለማጣበቅ የቆዳ ኮላ ካገኙ እሱን ይጠቀሙ። በቀዝቃዛ ውሃ አድሮ ካበጠ በኋላ በድርብ ድስት፣ ማለትም ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይሞቃል። ቀጭን አጥሚት ሲመስል ደርሷል። ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ አይለፍ፤ ከፈላ ጉልበቱ ይሞታል። ይህ ኮላ አሮጌው ላይ ቢደረግም ይያያዛል። ነጩ የአናጺ ኮላ ግን በአሮጌ ኮላ ላይ አይዝም። እሱን የሚጠቀሙ ከሆነ ማጋጠሚያው ንጹሕ እንጨት እስኪታይ ድረስ መጽዳት አለበት፣ ወደፊት የሚፈታው ሰውም ይቸገራል። ሞርሳ ከሌለ ወፍራም ገመድ ዙሪያውን አስረው መሐሉ ላይ ዱላ ከተው ይጠምዝዙት። ገመዱ የሚነካቸውን ማዕዘኖች በካርቶን ይሸፍኑ። ኮላው ከመድረቁ በፊት ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሜትር ይለኩ። ሁለቱ አግድም ልኮች እኩል ከሆኑ ቡፌው አልተጣመመም። ለአንድ ቀን አይንኩት።

የበሩ ስንጥቅ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። እንጨት በርዝመቱ ምንም አይለወጥም ማለት ይቻላል። በወርዱ ግን እርጥበት ሲያገኝ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይጠባል። አዋቂ አናጺ ይህን ስለሚያውቅ የበሩን መሐል ጣውላ በክፈፉ ቦይ ውስጥ ልቅ አድርጎ ነው የሚተወው። እንዲንቀሳቀስ። የአዳማን በጋ ያውቁታል፤ ያ ንፋስ፣ ያ ደረቅ ሙቀት። ጣውላው ልጥበብ ሲል ጠርዙ በኮላ፣ በምስማር ወይም በወፍራም ቅብ ከተያዘ ሌላ ምርጫ የለውም፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ስንጥቁን ከመድፈንዎ በፊት ጣውላውን የያዘው ምን እንደሆነ ይፈልጉ። ቅብ ከሆነ በስለታም ቢላ ዙሪያውን ይለቀቅ። አንዳንዴ ይህ ብቻ ይበቃል፣ ሁለቱ ወገን ራሳቸው ይቀራረቡና በኮላ ይያያዛሉ።

አልገጥም ካሉ ከአንድ ዓይነት እንጨት ስስ ስንጥር ተላግቶ ይገባበታል። ስንጥሩ በአንድ ጎኑ ብቻ ይጣበቅ። ስቱኮ አይሞላበት። በበጋ ጠጥሮ የሞላ ስቱኮ ክረምት ሲገባና እንጨቱ ሲሰፋ ወይ ተገፍቶ ይወጣል፣ ወይ አጠገቡ ሌላ ስንጥቅ ያወጣል። ለስንጥሩ እንጨት ከየት ይመጣል ካሉ፣ ዋንዛ ዛሬ እንደ ድሮው አይገኝም። የፈረሰ ቤት በርና መስኮት የሚሸጡ ሰዎች ጋ ይጠይቁ። የቆየና የደረቀ ስለሆነ ከአዲስ እንጨት ይልቅ ይስማማል።

ቡፌው የቆመበትን ቦታም ይዩ። የከሰዓት ፀሐይ በመስኮት የሚመታው ከሆነ ወይም ፍሪጅ ጀርባ ከሆነ ምንም ቢጠገን ተመልሶ ይሰነጠቃል።

መሳቢያዎቹን ክረምት ላይ አያስልጉ። ያኔ ያበጡ ናቸው፤ በጋ ሲመጣ ይንቀጫቀጫሉ። የሚንሸራተቱበትን ጠርዝ በሻማ ይሹት፣ አብዛኛው በዚህ ይፈታል። የታችኛው ጠርዝ ተበልቶ ከዘመመ ደግሞ ስስ ጠንካራ እንጨት ተላግቶ ይለጠፍበታል። ይህ የአናጺ ሥራ ነው፣ ከላይም አይታይም።

የኋላ እግሩ ቀዳዳዎች ያሳስቡኛል። አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር የሚሆኑ ክብ ቀዳዳዎች ከሆኑ እንጨት የሚበላ ነቀዝ የወጣባቸው ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ወጥቶ የሄደ ሊሆን ይችላል፤ አሁንም ውስጥ ሊኖር ይችላል። ለማወቅ እግሩን መታ መታ አድርገው ያራግፉት፣ ሥሩ ጥቁር ወረቀት ያንጥፉና ጥቂት ሳምንት ይጠብቁ። ነጣ ያለ አዲስ ዱቄት ከወረደ አለ ማለት ነው። ቀዳዳ ሳይሆን የጭቃ መስመር ግድግዳው ላይ ወይም እግሩ ላይ ካዩ፣ እንጨቱም ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ምስጥ ነው። ያኔ ችግሩ ቡፌው ሳይሆን ቤቱ ነው፣ ከመሬት ነው የሚመጣው።

ለነቀዝ ቅብ በሌለበት የታችና የጀርባ እንጨት ላይ የቦራክስ ወይም የቦሪክ አሲድ ውሁድ ይቀባል። መሳቢያ የሚያህል ትንሽ ዕቃ ከሆነ በፌስታል አሽገው ለሁለት ሳምንት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ማቆየትም ይገድለዋል። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ለአጥር እንጨት ይሁን፤ ቡፌ ላይ አይደረግም። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ለእህል ነቀዝ ጎተራ ውስጥ የሚጨመረውን ክኒን ቁም ሳጥንና ቡፌ ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች አሉ። ክኒኑ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ሰው በተኛበት ቤት ውስጥ ቤተሰብ ሙሉ ይገድላል። በጭራሽ አይሞክሩት፣ ሌላ ሰውም ሲያደርገው ካዩ ያስቁሙት።

ማጠፊያና እጀታ አይቀየር። ነሐስ ከሆነ በጨርቅ ይወልወል፣ እንደ ወርቅ ማብረቅረቅ የለበትም። ብሎኑ የሚሽከረከርበት ቀዳዳ ከሰፋ የወይራ መፋቂያ ቁራጭ በኮላ ነክረው ይምቱበት፣ ሲደርቅ የራሱን ብሎን ይመልሱ። ጀርባውም የራሱ ይቆይ። ኤምዲኤፍ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። የድሮው ጀርባ የተጣመመ ቢሆን እንኳ ታሪኩን የያዘው እሱ ነው።

መጨረሻ ላይ ቅብ የሚያስፈልግ ከሆነ፣ በሽላክ ላይ ስስ ሽላክ፣ ከዚያ ሰም። ሽላኩ በጨርቅ ቋጠሮ እጅግ በስሱ ይቀባል፣ ቡርሽ ባይነካው ይመረጣል። ዝናብ በሚጥልበት ቀን አይቀቡ፤ እርጥበት ያነጣዋል። ለሰሙ ሰፈፍ ይበቃል፣ ጠጅ የሚጥሉ ሰዎች ጋ ይገኛል። በውሃ ውስጥ አቅልጠው በጨርቅ ያጥሉት፣ ሲቀዘቅዝ ንጹሑ ሰም ከላይ ይረጋል። አንድ እጅ ሰም ለሁለት ወይም ለሦስት እጅ ተርፔንታይን ይሁን። ሰሙ በሙቅ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይቅለጥ፤ ተርፔንታይኑ የሚጨመረው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። በስሱ ይቀቡት፣ ይቆይ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ ይወልውሉት። የተልባ ዘይት የሚመክሩዎት ይኖራሉ። እኔ አልወደውም፤ ጊዜ በሄደ ቁጥር ያጠቁራል፣ ከገባ አይወጣም። ከተጠቀሙበት ግን የራሰውን ጨርቅ ጨብጠው ጥግ አይጣሉት። ያለ ክብሪት ራሱ ሊነድ ይችላል። ዘርግተው ደጅ ያድርቁት።

አናጺውን አያባርሩት። ማጋጠሚያውን፣ የበሩን ስንጥርና የመሳቢያውን ጠርዝ ከእርስዎ ይልቅ እሱ ያውቅበታል። የሚነካውንና የማይነካውን በወረቀት ጽፈው ይስጡት። ዋጋውን በቁርጥ ሳይሆን በቀን ሂሳብ ይነጋገሩ፤ ሥራ በቁርጥ የያዘ ሰው ቶሎ ለመጨረስ ማሽን ያነሳል። ከተቻለ ሥራው እዚያው ቤትዎ ይሠራ። እስከዚያው የመሳቢያውን ጎን፣ የላይኛውን ጠርዝና የኋላ እግሩን ፎቶ በቀን ብርሃን አንስተው ይላኩልኝ። ልጥፍ መሆን አለመሆኑን ከፎቶው መለየት ይቻላል፣ ስለ እንጨቱም የተሻለ ግምት እሰጥዎታለሁ።